በሽተኛ ማገላበጥም ትምህርት ይፈልጋል ወይ?

ዋናው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ልጆች። ተወልጄ ያደግሁት ሄርማታ ነው። ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ኖሬአለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የሠራሁት ለቀድሞ ወታደሮች በተቋቋመ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ሆኜ ነው። ባለፈው ጥቅምት አባቴ ስለታመመ ሥራዬን ትቼ መጣሁ። አባቴም ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ጅማ ውስጥ ቡና ሲያስለቅምና ሲያስጭን ኖረ።

ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከከተማችን ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል 19 ቀን ተኛ፤ ስሙን አልጠራም። ያስታመመው ወንድሜ ነው። ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ አደረ፤ ሾርባ አጠጣ፤ መድኃኒት ፍለጋ በየፋርማሲው ዞረ። ያላደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አላገላበጠውም። ቢነካው የሚያመው እየመሰለው፣ አባታችንን እንቅልፍ ሲወስደው እፎይ እያለ፣ በጀርባው እንደተኛ ተወው። እኔ ስደርስ ከወገቡ ዝቅ ብሎ የሲኒ አፍ የሚያህል ቁስል ነበረው፤ ዙሪያው ጠቁሮ መሐሉ ተቦርቡሯል። ወንድሜ ቁስሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ከእኔ ጋር ነው። ምንም አላለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ የሠራሁበት ቦታ ላይ የነርስ ረዳት መርፌ አይወጋም፣ መድኃኒት አይሰጥም። ያጥባል፣ ያበላል፣ ሽንትና ሰገራ ያነሳል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ያሻግራል፣ በሽተኛው የጠጣውንና የሸናውን ለክቶ ይጽፋል፣ ራሱን ችሎ መዞር የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣል። አጥንት ወደ ቆዳ የሚቀርብበትን ቦታ ሁሉ፣ መቀመጫን፣ ዳሌን፣ ተረከዝን፣ ክርንን፣ በየዕለቱ ያያል። ነጭ ቆዳ ላይ የሚፈለገው ቅላት ነው። እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳብሶ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ያወቅሁት ተምሬ ነው። ባልማር ኖሮ እኔም ወንድሜ ያደረገውን ነበር የማደርገው።

ወታደር ማስታመም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በሥራዬ የመጀመሪያ ወር አንድ ቬትናም የዘመቱ ሽማግሌ ቁርሱ ሊቀዘቅዝባቸው ሆነና ትከሻቸውን ነክቼ ቀሰቀስኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ የእጄን አንጓ ያዙ፤ ሲለቁኝ ጣቶቻቸው ቆዳዬ ላይ ታትመው ነበር። ከእኔ ይልቅ የደነገጡት እርሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ደንቡ ከግርጌ በኩል፣ እጅ ከሚደርስበት ርቆ ቆሞ በስም መጥራት ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በእኛ አገር ይህን ሁሉ የሚሠራው አስታማሚ ነው፤ አስታማሚውን ግን የሚያስተምረው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአስታማሚዎች ሥልጠና ብጀምር የሚመጣ ሰው ይገኛል? ወይስ በሽተኛ ማጠብ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ትሉኛላችሁ?

የተሰጡት መልሶች

እስከ ትናንት ማታ 28 መልስ ተጽፏል። ውይይቱ ስለረዘመ፣ አንዳንዱም ከጅማ ተነሥቶ የት እንደደረሰ ስላልታወቀ፣ አሁን ለሚመጣ አንባቢ በተራ ቁጥራቸው ልተርካቸው። ጣልቃ እየገባሁ የምናገረውን ታገሡኝ።

ቁጥር 1 ለአባቴ ምሕረት ለመነ፤ አሜን። ቁጥር 2 የኮቺ ልጅ ናት። እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሁለት ወር ሲተኙ ጓንት ውስጥ ውሃ እየሞላች ተረከዛቸው ሥር ታደርግላቸው እንደነበር ጻፈች። ዘዴውን ያሳየቻት የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ናት። እንዲህ ያለው ትምህርት በእኛ ሆስፒታሎች ከአልጋ አልጋ የሚተላለፈው እንደ ቡና ቁርስ ነው፤ ጥሩውም መጥፎውም አብሮ ይዞራል።

ቁጥር 3 ነርሲንግ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በጨዋ ቋንቋ ሁለታችንንም አረሙን። ውሃ የሞላ ጓንት ተረከዝን ከጫና እንደማያድን፣ የሚሻለው ትራስ ከባት ሥር አድርጎ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሳት እንደሆነ አስረዱ። መጎዳት የጀመረን ቆዳ በቅባት ማሸት ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይበልጥ እንደሚጎዳም ጨመሩ። ለእኔ ደግሞ ሁለት ሰዓት የተባለው ከሰማይ የወረደ ሕግ አለመሆኑን፣ እንደ ፍራሹና እንደ በሽተኛው ሁኔታ ሊያጥርም ሊረዝምም እንደሚችል አስታወሱኝ። ልክ ናቸው፤ እኔ የሠለጠንኩበት ክፍል በሰዓት ይመራ ስለነበር ሌላውን አላሰብኩትም። ከዚያ ግን መራራውን ነገር አነሡ። ማገላበጥ በነርስ ትምህርት ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን፣ ተማሪዎቻቸውም በሚገባ እንደሚያውቁት ገልጸው፣ አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ብቻዋን ስንት አልጋ ልታዳርስ እንደምትችል ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሰጣቸው የለም።

ቁጥር 4 ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው፤ በዱሮው አጠራር ድሬሰር። ተቆጥተዋል፣ ቁጣቸው ግን ደስ ይላል። ሥራውን ከአሜሪካ እንዳመጣሁት አድርጌ መጻፌ ቅር አሰኝቷቸዋል። ድሬሰር ቁስል ሲያጥብና ፋሻ ሲጠቀልል ዕድሜውን እንደፈጀ፣ ማዕረጉ ሲቀር ግን ግማሹ ሥራ ለነርስ፣ ግማሹ ለአስታማሚ እንደተጣለ ጻፉ። አያይዘውም የከተማችንን ትልቁን ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ያሠራው ጣሊያን መሆኑን፣ ያሠራውም ለራሱ ወታደሮች መሆኑን፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ይባል እንደነበር አስታወሱ። እንግዲህ ጅማ ውስጥ የቆሰለ ወታደር ማስታመም አዲስ ነገር አይደለም ማለታቸው ነው። እዚሁ የተወለድኩ ልጅ ይህን የሰማሁት ገና አሁን ከእርሳቸው ነው። ቁጥር 5 ከዚህ ተነሥቶ ስለ ፈረንጅ አራዳ የጣሊያን ቤቶች ረጅም ነገር ጻፈ፤ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 6 ዲቪ የደረሰው ወጣት ነው። እኔ በሠራሁበት ዓይነት ሆስፒታል ለመቀጠር ምን እንደሚያስፈልገው ጠየቀ። እኔም በቁጥር 7 ላይ የምስክር ወረቀቱን ከያዘ በሩ ክፍት እንደሆነ በችኮላ ጻፍኩለት። ቁጥር 8፣ ሚኒሶታ የሚኖር የጅማ ልጅ፣ አቃናኝ። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የፌዴራል መንግሥቱ ስለሆኑ በመደበኛው አሠራር የሚቀጥሩት ዜጋ እንደሆነ፣ በግሪን ካርድ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ቆይቶ ዜግነት ማግኘት እንዳለበት አስረዳ። እስከዚያ በአረጋውያን መንከባከቢያ መሥራት ይቻላል፤ ለዚያም በፈረንጆች 1987 የወጣው ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠናና ፈተና ያዛል፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። ፈተናው የጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ፈታኙ ቆሞ እያየ እጅ ትታጠባላችሁ፣ ሰው ከአልጋ ታነሣላችሁ። እኔ ራሴ የሄድኩበት መንገድ ይኸው ሆኖ ሳለ ለልጁ እንዴት በሩ ክፍት ነው እንዳልኩት አላውቅም። የመንገዱን ርዝመት ሰው ከደረሰ በኋላ ይረሳዋል መሰለኝ።

ቁጥር 9 ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጸሐፊው የአሜሪካ ወታደር ምን ስታጥብ የኖረች ሴት እንደሆንኩ የተናገረበትን ቃል አልደግመውም። የእኛ ዘማቾች ክራንች ተደግፈው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ ሲቀመጡ የት እንደነበርኩ ጠየቀ፤ ዶላሬን ይዤ መጥቼ ደግሞ ለድሃ አስታማሚ አስተማሪ መሆኔ እንዳስገረመው ጻፈ።

ቁጥር 10 የእኔ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ታሪክ ብቻ ነገርኩት። አንገቱ ተሰብሮ ከደረቱ በታች የማይሰማው በሽተኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንሶላ ልቀይርለት ስገባ ፊቱ ቀልቶ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ ራሱን ሊፈነዳ እንደደረሰ ነገረኝ። ደወሉን ተጭኜ ነርሷን ጠራሁ፤ እስክትደርስም ቀና አድርጌ አስቀመጥኩትና ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። የሽንት ቱቦው ከጭኑ ሥር ታጥፏል፤ ከረጢቱ ባዶ ነው። ሳቃናው ሽንቱ እየተንፎለፎለ ወረደ። አከርካሪው ከስድስተኛው የደረት አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ የተጎዳ ሰው ፊኛው ሲወጠር ሊሰማው አይችልም፤ አካሉ ግን የደም ግፊቱን በድንገት ሽቅብ ይሰድደዋል፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ይደርሳል። ያንን ቱቦ ያየሁት ሊያጥቡት የገቡ እጆች ስለነበሩኝ ነው። ይህን ጻፍኩለት። የት ነበርሽ ለሚለው ግን መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ቁጥር 11 ሻምበል ናቸው፤ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡ። ለቁጥር 9ም ለእኔም አልወገኑም። እርሳቸው በተኙበት የጦር ሆስፒታል የነበረ ድሬሰር በሽተኛ ሲቀሰቅስ ከግርጌ ቆሞ የአልጋውን ብረት በቁልፍ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርግ እንደነበር ጻፉ። አንዱ ወታደር በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ካወለቀው በኋላ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። እኔ በአሜሪካ ተማርኩት ያልኩትን ሰውየው በጥርሱ ተምሮት ነበር። ሻምበሉ ሌላም ነገር ነገሩን። የሌለው እግራቸው ጣት ሌሊት ሌሊት ሲያሳክካቸው ያንኑ ድሬሰር ይጠሩት ነበር። እርሱም ሳይስቅ፣ ጣቱ ሊኖርበት የሚገባውን የአንሶላውን ቦታ ያክክላቸዋል፤ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። ቁጥር 12 እግሩ እስከ ዛሬ ያሳክካቸው እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 13 ላይ ሻምበሉ በአንድ መስመር መለሱ፤ በጅማ ዝናብ ብቻ። ጅማ የማይዘንብበትን ወር የምታውቁ ንገሩኝ።

ቁጥር 14 የሚኒሶታው ልጅ ተመልሶ መጣ። በእነዚያ ሆስፒታሎች እግራቸው ሲቆረጥ ካያቸው ሰዎች የአብዛኞቹን እግር የወሰደው ፈንጂ ሳይሆን ስኳር በሽታ መሆኑን ጽፎ፣ ሻምበሉ የቀረላቸውን አንድ እግር በየማታው ጣቶቹ መሐል ሳይቀር እንዲያዩት ለመናቸው። እውነቱን ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን የጠበቅሁት የጦር ቁስል ነበር፤ ያገኘሁት ስኳር፣ የልብ ድካምና እርጅና ነው። ወታደር ሆነው የገቡት ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ነው የተኙት።

ከቁጥር 15 እስከ 18 ያለው ስለ እንጨት ነው። 15 አባቴን እንዴት እንደማጸዳዳ ጠየቀች፤ እኔም በ16 አንድ አናጺ ከዋንዛ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር እንደሠራልኝ፣ መቀመጫው ተበስቶ ከሥሩ ባልዲ እንደሚገባበት ገለጽኩላት። የምንኮራበት የጅማ በርጩማ ወደ ግራ ለሚያጋድል ሰው አይሆንም። ቁጥር 17 ዋንዛ ቫርኒሽ ካልተቀባ እርጥበት ስለሚጠጣ ለእንዲህ ያለው ሥራ የፕላስቲክ ወንበር ቆርጦ መጠቀም እንደሚሻል ጻፈ። ቁጥር 18 በዋንዛ ላይ የሚናገር ሰው የጅማ ልጅነቱ ያጠራጥራል እስከማለት ደረሰ። ለመረጃ ያህል፣ የእኛ ወንበር ቫርኒሽ ተቀብቷል።

ቁጥር 19 በሚገባ መመለስ ያለበት ነው። በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። እኛ ቤት ተቀምጠን ሳለ በጥቂት ሳምንት የሠለጠነ ርካሽ ሠራተኛ ማምጣት ለሆስፒታሎች ነርስ ላለመቅጠር ሰበብ መስጠት እንደሆነ ጻፈች። የቁጥር 3ን ጥያቄ እያስታወሰች፣ ሌሊት ብቻዋን የምትቀረውን ነርስ የሚያግዛት ሁለተኛ ነርስ እንጂ ቅዳሜ የሠለጠነ ጎረቤት አለመሆኑን አከለች። ቁጥር 20 ላይ የነርሲንጉ መምህር በሌላ በኩል መጡብኝ። ዛሬ ማጠብ የተማረ ሰው ነገ ጓዳው ውስጥ መርፌ መውጋት ይጀምራል የሚል ስጋት አላቸው፤ በየሰፈሩ ያለውን መርፌ ወጊ ሁላችንም ስለምናውቀው ስጋታቸውን ማጣጣል አልችልም። በቁጥር 21 ለሁለቱም አንድ ላይ መለስኩ። እኔ የማሠለጥነው ለደመወዝ የሚቀጠር ሰው አይደለም። የማሠለጥነው ዛሬ ማታ የአባቱ አልጋ ሥር የሚያድረውን ልጅ ነው፤ እርሱን ማንም አይቀጥረውም፣ ማንም አያባርረውም። ሥልጠናው ላይ መርፌ የሚባል ነገር አይነሣም። ልጅቱን ደግሞ አብራኝ እንድታስተምር ጋበዝኳት። እስካሁን አልመለሰችም፤ ብትቀየመኝም አልፈርድባትም።

ቁጥር 22 ሐጂ ናቸው፤ በአክብሮት ነው የጠየቁት። ሴት ልጅ የአባቷን ገላ ማጠቧ ለእርሷም ለእርሱም ከባድ እንደሆነ ገልጸው፣ ወንዶችን የሚያጥቡ ወንዶች እንዳሠለጥን መከሩኝ። ምክራቸውን ተቀብያለሁ፤ ወንዶቹ ግን ይምጡልኝ! በቁጥር 23 የራሴን ቤት ነገርኳቸው። አባቴ አራት ቀን ሙሉ እምቢ ብሎኛል። በአምስተኛው ቀን ከአንገቱ እስከ እግሩ አንሶላ አለበስኩትና ለብ ያለውን ውሃ አጠገቡ አስቀመጥኩ። አንድ እጁን ብቻ ገልጬ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ ሸፈንኩ። ከዚያ ሌላውን እጅ፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ እግሩን። ኀፍረቱ ዘንድ ስደርስ ፎጣውን አርጥቤ በጤነኛ እጁ ላይ አኖርኩለትና ጀርባዬን ሰጠሁት። ራሱ ጨረሰው። በሥልጠና ላይ የሚሰጠው ትእዛዝ በሽተኛው ራሱ የሚችለውን አትሥሩበት የሚል ነው፤ አባቴ ግን ይህን ትእዛዝ አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው ሱሪውን ልጁ እንዳላወለቀችበት ነው። ሐጂ በረከት ላኩልኝ።

ቁጥር 24 የሚኒሶታው ልጅ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ። እርሱ በሚሠራበት ክፍል አንድ የቀድሞ ወታደር ሲሞት አስከሬኑ በባንዲራ ተሸፍኖ እንደሚወጣ፣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሐኪሙም ነርሱም የጽዳት ሠራተኛውም ሥራውን አቁሞ በዝምታ እንደሚቆም ጻፈ። እኔም ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የቆመው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያውን እንደ ጠመንጃ ቀጥ አድርጎ ይዞት ነበር፤ የሳቀ ሰው የለም።

ቁጥር 25 የአንድ ወታደር ባለቤት የነበሩ እናት ናቸው። የባላቸው የሠራዊት መታወቂያ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ፣ ሲሞቱ ከእድሩ ሰው በቀር የቆመ እንዳልነበረ ጻፉ። ሌላ አልጨመሩም። ከእርሳቸው በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ የጻፈ ሰው የለም።

ቁጥር 26 ምናልባት ከእርሳቸው ተነሥቶ ይሆናል፤ የእድር ዳኛ ነው። እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ገዝቶ የሚያስቀምጠው ለሞተ ሰው ብቻ መሆኑን አንሥቶ፣ በቤት የተኛ አባል ላለው ቤተሰብ የሚውል አንድ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ቢገዛ ምን እንደሚከለክለው ጠየቀ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያቀርበው፣ ለሥልጠናውም የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች እንደሚያውሰኝ ቃል ገባ። በበኩሌ ከ28ቱ መልሶች ይህን አስቀድማለሁ። ፍራሹን ግን ከመግዛታችሁ በፊት በቀላሉ የሚጠረግ ሽፋን እንዲኖረው አድርጉ፤ ሽንት የጠጣ ስፖንጅ በክረምት ጅማ ውስጥ አይደርቅም።

ቁጥር 27 ትናንት ማታ የመጣች ናት። ስለ አሜሪካም፣ ስለ ድሬሰርም፣ ስለ ዋንዛም አልጻፈችም። ባሏ ከተኛ ወር እንደሞላው፣ ግራ ተረከዙ እንደጠቆረ ገልጻ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ሥልጠናው በ3 ሰዓት እንደሚጀምር፣ የጠቆረ ተረከዝ ግን ቅዳሜን የሚጠብቅ ነገር እንዳልሆነና ጠዋት በማለዳ ወደ ሐኪም እንድትወስደው እዚያው ሥር ጻፍኩላት። ለዛሬ ሌሊት ትራሱን ከባቱ ሥር አድርጋ ተረከዙን ከፍራሹ እንድታነሣው ነገርኳት። ቁጥር 28 ላይ ተመልሳ ትራስ ስለሌላት ጋቢ ታጥፎ ይሆን እንደሆነ ጠየቀች።

ይሆናል፤ አራት ጊዜ እጠፊው።